ለብቻ የተመዘነ ምሳ

«ጡቴን የቆረጠው ሐኪም እንኳ ከልጄ አልለየኝም። የለየሽኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ።

በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ሚዛኑ በአንድ እጄ፣ የቅጾቹ ክላሰር በሌላው ነው፤ «እንዴት ዋላችሁ» የሚለውን ገና አልጨረስኩም። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እንደ ሰላምታ ነው የተናገረችው። ከዚያ ፈቀቅ ብላ «ግቢ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ» አለችኝና ገባሁ።

እግሯ አጠገብ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳህን ነበር። እኔ የሰጠኋት ሳህን ነው። ለአንድ ቀን ትበላበት ብዬ ነበር የሰጠኋት፤ ሦስት ወር ሆኖታል።

ይህን ለመናገር ከመጀመሪያው መነሳት አለብኝ። መካነ ሰላም የሄድኩት ከኩታበር ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ለመሰናዶ የሚያበቃ ነጥብ አልመጣልኝም። እኩዮቼ ፓስፖርት እያወጡ በየተራ ወደ ዓረብ አገር ሄዱ፤ እናቴም ለእኔ ደላላ ማነጋገር ጀምራ ነበር። ያኔ ነው «መረጃ ሰብሳቢ፣ ሴት፣ አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቀች» የሚል ማስታወቂያ የወጣው። ከሰው ቤት ምጣድና ሽንት ቤት ከማጠብ ሰው መጠየቅ ይሻላል ብዬ ተመዘገብኩ። አንድ ቦታ መቀመጥ የማልወድ ሰው ነኝ፤ መንገዱም ስቦኛል።

ጥናቱ የሴቶች አመጋገብና የጡት ካንሰር የሚያገናኛቸው ነገር ካለ ለማወቅ ነው ተባልን። ታመው የታከሙ ሴቶችን፣ ከእነሱም ጋር በዕድሜና በሰፈር የሚቀራረቡ ጤነኞችን እንይዛለን። ሁሉንም አንድ ዓይነት ነገር እንጠይቃለን፤ ትናንት ምን በላሽ፣ ምን ያህል፣ በወር ስንት ጊዜ ቅቤ፣ ስንት ጊዜ ሥጋ፣ ስንት ጊዜ ጎመን። በዓመት ሦስት ዙር። ደሴ ያሉት አጥኚዎች ደግሞ ይደምሩታል፣ ያወዳድሩታል። እኔ በደረሰኝ ሰፈር ውስጥ የታመመችው አንዲት ብቻ ነበረች። የበሽታውን ስም ሰው ቤት ገብተን እንዳንጠራ አስጠንቅቀውናል። አልጠራሁም። በዚህስ መማል እችላለሁ።

ሥልጠናው ላይ ያልነገሩን ነገር ቢኖር ሰው ከአንድ ትሪ ሲበላ የአንዷን ድርሻ እንዴት እንደምንለይ ነው። የመጀመሪያዋ ያነጋገርኳት ሴት በቀበሌው የአንድ ለአምስት መሪ ነበሩ፤ ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው ጠበቁኝ።

«ትናንት ምሳ ምን በሉ?»

«በላን፣ አልሀምዱሊላህ።»

«ምን?»

«እንጀራ በሽሮ።»

«እርስዎ ብቻዎን ስንት እንጀራ በሉ?»

«ብቻዬን?» አሉና ጎረቤቶቻቸውን ዞረው አዩ። «ምን አጣልቶኝ ነው ብቻዬን የምበላው?»

ሳቁብኝ። ሚዛኑን ሳወጣማ ባሰባቸው። አንዷ «እንደ በግ ልትገዥን ነው እንዴ?» አለች። ሌላዋ «እኔን ቀድመሽ መዝኝኝ፣ ሳልከሳ» አለች። አንዲት ልጅ ያዘለች ግን ሳትስቅ ጠየቀችኝ። «ለልጆቹ ያጎረስኩትስ? እኔ ላይ ነው የሚጻፈው እነሱ ላይ?» ከደሴ በየአሥራ አምስት ቀኑ ለሚመጣው አስተባባሪያችን ይህንኑ ጥያቄ አቀረብኩለት። «በግምት ሙዪው» አለኝ። በግምት የሞላሁትን ሲያይ ደግሞ ቅጾቹን ጠረጴዛው ላይ በተን አድርጎ «ይሄ ምንድን ነው? አንዲት ሴት በአንድ ምሳ አምስት እንጀራ ትበላለች?» አለኝ።

የተከራየሁት ክፍል ከገበያው በላይ ነው። አከራዮቼ ነጋዴዎች ናቸው፤ ጠዋት በሩን ከውጭ ይቆልፉና ወደ ሱቅ ይሄዳሉ፣ ሲመለሱ ደክሟቸዋል። ከተማው ውስጥ ስሜን የሚያውቅ ሰው የለም፤ «የሚዛኗ ልጅ» ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሰው ምን እንደበላ ስጠይቅ ውዬ ክፍሌ ስገባ አንቺስ ምን በላሽ የሚለኝ አልነበረም። ስልኬ ኔትወርክ የሚይዘው መስኮቱ ላይ ሲቀመጥ ነው፤ እዚያ አስቀምጬው እንዲጮህ እያየሁት ምሳዬን ቆሜ እበላለሁ።

አንድ እሁድ ከመሰላቸቴ ብዛት የራሴን ምሳ መዘንኩ። ባዶ ሳህኑን መዘንኩ። እንጀራውን ከነወጡ መዘንኩ። በልቼ የተረፈውን መዘንኩና ቀነስኩ። የዚያን ሁሉ ሳምንት ቅጽ ባገላብጥ አንድም ስርዝ ድልዝ የሌለበት ያ የእኔ ነበር። የሚሻማኝ የለ፣ የማጎርሰው የለ፣ ቁጥሩ ከምን ይሳሳታል?

ዘዴው የመጣልኝ ከዚያ ነው። በገበያው ቀን ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳህኖች ገዛሁና ለእያንዳንዷ ሴት ከምዘናው ቀን አስቀድሜ እየዞርኩ ሰጠሁ። «ነገ የምትበይውን ሁሉ ከዚህ ላይ ብዪ። ሳትበዪ እመዝናለሁ፣ በልተሽ እመዝናለሁ፣ ሳህኑን ለራስሽ ታስቀሪዋለሽ» እላለሁ። ወደዱት። አንዷ «ለአንድ ቀን የባለሥልጣን ሚስት ሆንኩ» አለች። በሳምንቱ ባልፍ ሳህኖቹ በርበሬ ተሰጥቶባቸዋል፣ ጫጩት ውኃ ይጠጣባቸዋል። አስተባባሪው ቅጾቼን አይቶ «ይሄ ነው ሥራ ማለት» አለኝ፤ ሌሎቹም እንደኔ እንዲያደርጉ ነገራቸው። ደስ አለኝ። የሚያመሰግነኝ ሰው ካጣሁ ሰንብቼ ነበር።

ለብቻ የሚቀመጥ ዕቃ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር ልል አልችልም። ኩታበር፣ አክስቴን ሳል በያዛት ጊዜ፣ ስኒዋ መደርደሪያው ጥግ ላይ ለብቻው ተደፍቶ ይቀመጥ ነበር። አትንኩት ያለን ሰው የለም። አየን፣ አወቅን። እና አውቅ ነበር። አላሰብኩትም እንጂ አውቅ ነበር።

ታማ የታከመችው ሴት ቤቷ ከከተማው ዳር ነው። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ወር ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ያሉት እሷ፣ የባሏ እናት፣ አምስት ዓመት የሞላት ልጇ ናቸው። ጅዳ የምትሠራ ታናሽ እህቷ ገንዘብ ልካላት ደሴ ሄዳ ነው የታከመችው። ሰፈሩ የሚያውቀው እባጭ አስወጥታ መጣች ብሎ ነው፤ አማቷም ከዚያ ያለፈ አልጠየቁም። ቁስሉ ጠገገ፣ ሥራዋን ያዘች፣ እንደ በፊቱ ከሁሉም ጋር ከትሪው ትበላለች። በዕድሜ ብዙ ስለምትበልጠኝ እትዬ አልኳት፤ እዚህም እትዬ እላታለሁ።

በመጀመሪያው ዙር ሳህኑን ሰጠኋትና በማግስቱ ለምሳ ደረስኩ። አማቷና ልጅቷ ከትሪው፣ እትዬ ከሳህኑ። ልጅቷ ግን መብላት የምታውቀው እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ከእናቷ እጅ ነው። ተነሥታ ሄዳ ጭኗ ላይ ወጣችና እጇን ወደ ሳህኑ ሰደደች። እኔ መዝኜ ጽፌያለሁ። አንድ ጉርሻ ከሄደ ቁጥሬ ተበላሸ። እጇን ያዝኩና «ከእናትሽ ሳህን እንዳትነኪ» አልኳት።

ልጅቷ አለቀሰች። አማቷ ቀና ብለው አዩኝ፣ ሳህኑን አዩ፣ ምራታቸውን አዩ። ከዚያ መጠይቁን አወጣሁ። ቅቤ ያበዛሉ? ጮማ? ወተት? ከመታመምዎ በፊትስ? አማቷ መብላቱን ትተው እያንዳንዷን ጥያቄ አዳመጡ። እትዬ ምሳዋን ግማሹን ተወችው። እሱንም መዝኜ ጻፍኩና አመስግኜ ወጣሁ።

በሁለተኛው ዙር ስመለስ ነው እንግዲህ ያንን በሩ ላይ ያለችኝ።

ገብቼ መደቡ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ አማቷ ከጓዳ ወጡ። ነገሩን የምፈታው መስሎኝ ፊት ለፊት ጀመርኩ። «እማማ፣ የእትዬ ሕመም በምግብ አይተላለፍም። አብሮ በመብላት የሚመጣ ነገር የለም።»

«ምግብ ካላመጣው ስለ ምግብ ልትጠይቂ ለምን መጣሽ?»

«ያመጣው እንደሆን ለማወቅ ነው። ማለቴ፣ የበላችው ነገር ራሷን እንጂ ሌላውን… ገና እየተጠና ነው። አናውቅም።»

«አታውቁም!» አሉ። «አጂብ ነው። የማያውቅ ሰው ነው ሳህን የለየው?»

«መተላለፉን ግን እናውቃለን፤ አይተላለፍም።»

«ታዲያ ልጂቱን አትንኪ ያልሻት ምን ፈርተሽ ነው?»

«ቁጥሩ እንዳይበላሽብኝ ነው» አልኩ። አፌ ውስጥ እያለ የቀለለ መልስ መሆኑ ገብቶኛል።

አማቷ ክፉ ሴት አይደሉም። እትዬ ታማ ሳለች ያጠቧት እሳቸው ናቸው። «እኔ ለራሴ አይደለም፣ ምን ቀረኝ ከዱንያ» አሉኝ። «ልጂቱን ግን ወላሂ አልሰጥም። ሐኪም ቤት የላከሽ አንቺ አትንኪ ካልሽ፣ እኔ መሃይሟ ንኪ ልበላት?»

ምሳ ሲቀርብ እትዬ ሳህኗን ወደኔ ገፋ አደረገችው። «መዝኚ» አለች። «ለዚያ አይደል የመጣሽው?» መዘንኩ። የገብስ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ድንች። ልጅቷ ከአያቷ ጋር ከትሪው ትበላለች፤ ወደ እናቷ ዘወር አላለችም፤ ለምዳዋለች። ቁጥሬ ላይ አንድም ስሕተት አልነበረም።

አስተባባሪው ሲመጣ ቅጹን ሳይሆን ይህን ነገርኩት። መጥቶ እንዲያስረዳቸው ለመንኩት፤ እሱ ነርስ ነው፣ ይሰሙታል።

«ሦስተኛው ዙር ሳያልቅ አንድ ነገር እንዳትነግሪያቸው» አለኝ። «እኛ ገብተን ካስተማርን አመጋገቧ ይቀየራል።»

«አመጋገቧን እኮ ቀይሬዋለሁ።»

«ሲያልቅ እሄዳለሁ ብያለሁ። አሁን ሥራሽን ሥሪ። ቅጽሽ ደግሞ ጥሩ ነው፣ በተለይ የእሷ።»

ሲያልቅ የሚባለው አምስት ወር ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ አምስት ወር ምን ያህል እንደሆነ አስቤ አርብ ዕለት ባዶ እጄን ሄድኩ። ምሳ ሲቀርብ ከእትዬ ፊት ተቀመጥኩና ቢስሚላህ ብዬ ከሳህኗ ቆረስኩ። አማቷ እንዲያዩኝ ነበር። አዩኝም።

«አንቺ ልጅ የለሽም» አሉኝና ወደ ትሪያቸው ተመለሱ።

በሚቀጥለውም አርብ ሄድኩ። ሳልታመም ሲያዩኝ ያምኑኛል ብዬ ነው ያሰብኩት። በሦስተኛው ሳምንት እትዬ «እትዬ ማለቱ ይበቃል፣ አንቱታውን ግን ተይልኝ፣ አላረጀሁም» አለችኝ። ቀልደኛ ሴት ናት። ባዶ የቀረውን ጎኗን የምትሞላው የልጇን ካልሲ ጠቅልላ ነው፤ አንድ ቀን ገበያ መሐል ወደ ሆዷ ወርዶባት እንዴት እጇን አጣጥፋ ቤቷ እንደደረሰች ስትነግረኝ ሳቅ አነቀኝ። «ይህንንም መዝኚው» ትለኛለች። «ስንት ግራም ሳቅን ዛሬ?» እኔም ለማንም ያልነገርኩትን እነግራታለሁ፤ ስለ ነጥቤ፣ ስለ እናቴና ስለ ደላላው፣ ምሳዬን ቆሜ ስለመብላቴ። «አብሽሪ» ትለኛለች፤ «አርብ አርብ ተቀምጠሽ ትበያለሽ።»

እውነቱን ልናገር። ለእሷ ብዬ ብቻ አልነበረም የምሄደው። ከቅዳሜ ጀምሮ አርብን እጠብቅ ነበር። ሳህኑ ለሁለት ሲጠበን ከገበያ ትንሽ ትሪ ገዝቼ አመጣሁ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ሁለት ትሪ ሆነ። አንዱ የአማቷና የልጅቷ፣ አንዱ የእኔና የእትዬ። በሌላው ቀን እትዬ በትንሹ ትሪ ብቻዋን ትበላለች። ይህ ሁሉ ሲሆን እየረዳኋት ይመስለኝ ነበር።

አንድ አርብ ዝናብ መንገዱን ቆርጦት ገጠር አደርኩና ሳልሄድ ቀረሁ። በሚቀጥለው ስደርስ አማቷ ጓሮ ውዱእ እያደረጉ ነበር፤ ልጅቷ አብራቸው ናት። እትዬ ብቻዋን ተቀምጣለች። ቡና ቁርስ የሚሆን ቆሎ አመጣሁላት፤ አልነካችውም።

«ከዛሬ በኋላ አትምጪ» አለችኝ።

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

«ስሚኝ። ባለፈው አርብ እንዳልመጣሽ አማቴ ሲያውቁ፣ እዚያ ጋ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩ። እኔ እዚህ፣ ትሪው ላይ ብቻዬን። እንጀራቸው እጃቸው ላይ ቀረ። አልበሉም። ልጄ ደግሞ ተነሥታ መጥታ ከእጄ ጎረሰች። አዩ፤ አትንኪ አላሉም። ሲነሡ ትሪያቸውን ወደኔ ገፋ አድርገው ነው የተነሡት።» ጓሮውን አየት አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ማክሰኞም እንደዚያው። ረቡዕም። ዛሬ አንቺ እንደምትመጪ ስላወቁ ግን ጠዋት ትንሿን ትሪ ራሳቸው አጥበው አስቀመጡልኝ። ደስ ብሏቸው። ገባሽ? ብቻዬን ሲያዩኝ ያፍራሉ። ካንቺ ጋር ሲያዩኝ ሰው አላት ይላሉ።»

«እሺ ሳልበላ ልምጣ። ለወሬ ብቻ።»

«ስትመጪ ሰፈሩ የሚያየው የሚዛኗ ልጅ ወደ በሽተኛዋ ቤት ስትገባ ነው።»

የሥራዬን ነገር አነሣሁ። «ሦስተኛው ዙርስ? ቅጹን ምን ልሙላው?»

«ከቤተሰቧ ጋር ስለምትበላ መመዘን አልተቻለም ብለሽ ሙዪው» አለች። ፈገግ ለማለት ሞከረች። ከዚያ እጄን ይዛ ቆየች፤ እኔም አላስለቀቅኩም። የአማቷ የውኃ ጣሳ ድንጋዩ ላይ ሲቀመጥ ተሰማና ለቀቀችኝ።

ሰግደው ሲጨርሱ ምሳ ቀረበ። ትልቁ ትሪ መሐል ላይ፣ ትንሿ ትሪ መደቡ ጫፍ። ሽሮው ገና ይፈላል። አማቷ «ነይ የሚዛን ልጅ፣ ተቀመጪ፣ ዛሬ እንኳ ትኩስ ደረሰልሽ» አሉኝ።

«ዛሬ እቸኩላለሁ እማማ።»

«ሳትበዪ?»

«ሳልበላ።»

ትንሿን ትሪ አነሣሁ፤ ያለባትን እንጀራ መልሼ ትልቁ ትሪ ላይ አደረግሁት። ከመደርደሪያው ሰማያዊውን ሳህን አወረድኩ። ሁለቱንም ቦርሳዬ ውስጥ ከሚዛኑ ጎን ከተትኩ።

«ዕቃውን የት ትወስጂዋለሽ?» አሉኝ አማቷ።

«የእኔ ነው፣ ለሥራ ይፈለጋል።»

«እሷስ በምን ትበላለች?»

አማቷ ትሪውን አዩ፣ ከዚያ ምራታቸውን አዩ። እትዬ እጇን ታጥባ ግድግዳው ሥር ቆማለች፤ ውኃው ከጣቶቿ ላይ ይንጠባጠባል። ልጅቷ አንዴ አያቷን፣ አንዴ እናቷን ታያለች። ቦርሳዬን ለመዝጋት የዚፑን ጫፍ ስፈልግ ቆየሁ።

«ምን ትቆሚያለሽ?» አሉ አማቷ በመጨረሻ፤ ለእኔ አልነበረም። «ይቀዘቅዛል እኮ።» ራሳቸውን ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርገው ቦታ ለቀቁላት።

ከበሩ ሥር ጫማዬን አጠለቅኩ፣ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ በግቢው በር ወጣሁ።